መቀመጫ፣ ጉልበትና ሆድ፦ ለብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ

ለብዙ ቀን የሚዘልቅ የብስክሌት ጉዞ በእግር ድካም የሚቋረጠው ከስንት አንዴ ነው። እግር ይለምዳል፤ ሳምንት ካለፈ በኋላማ ሲያስፈራ የነበረው ዳገት ተራ ነገር ይሆናል። ጉዞ የሚያስቆመው መቀመጫ ላይ የወጣች የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት፣ በሦስተኛው ቀን የጀመረ የጉልበት ሕመም፣ ወይም ባልታጠበ እጅ የመጣ ተቅማጥ ነው። አንዳቸውም ድንገት የሚወርዱ አይደሉም። እብጠቷ ከመውጣቷ በፊት ቆዳው ቀልቶ ነበር፤ ጉልበቱ ከማመሙ በፊት ኮርቻው ቀስ እያለ ዝቅ ብሎ ነበር። ቅላቱ በታየበት ምሽት አምስት ደቂቃ የሠራ ሰው፣ በሳምንቱ አምስት ቀን አይተኛም።

ኮርቻውን በሚሊ ሜትር

ልኩን ለማስተካከል የጉዞው ዋዜማ አይሆንም። ሰውነት አዲሱን አቀማመጥ እንዲለምደው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሠርታችሁ፣ ጭነቱን ጭናችሁ ነድታችሁ እዩት።

ከሁሉ በፊት የኮርቻው (የሴላው) ከፍታ ነው። የምትጓዙበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉና ወደ ኋላ እያዞራችሁ ወደ ታችኛው ጫፍ አውርዱት። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ተረከዙ ከፔዳሉ ካልለቀቀና ዳሌያችሁ ወደ ጎን ካላዘነበለ፣ ልኩ ለመነሻ ደህና ነው። አሁን ከጣቶች ሥር ያለውን ወፍራሙን የእግር ክፍል ፔዳሉ ላይ ስታደርጉት ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቀራል። የሚፈለገውም ይኸው ነው።

በሜትር ማረጋገጥ የሚፈልግ በባዶ እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መሃል ወደ ላይ ገፍቶ ብሽሽቱ ላይ ያጥብቀውና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጠርዝ ያለውን ያስለካ። ያንን በ0.883 ማባዛት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር የለካ 70.6 ያገኛል፤ ይህም የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ሁለቱ ዘዴዎች በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢለያዩ አያስደንግጥ፤ ዝቅ ካለው ጀምሩ። ከልክ በላይ ከፍ ያለ ኮርቻ ዳሌን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ውዝዋዜው ደግሞ ቆዳ ይፍቃል።

ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጉልበቱ ራሱ ነው። ሕመሙ ከፊት፣ በሎሚው ዙሪያ ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት በዝቶ ቀርቧል። ከኋላ ቋንጃው ላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ርቋል። የምታንቀሳቅሱት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ሳትነዱበትም ሌላ ለውጥ አትጨምሩ። ሁለት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው የቱ እንዳሻለው፣ የቱ እንደጎዳው አያውቅም።

ልኩ ሲገኝ የኮርቻው ምሰሶ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ጠምጥሙ። ማሰሪያው በደንብ ካልጠበቀ፣ ከጭነቱና ከኮረኮንቹ የተነሣ ምሰሶው በቀን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሊሰምጥ ይችላል፤ ዓይን አያየውም፣ ጉልበት ግን ይቆጥረዋል። አራት ቀን ደህና ሆኖ በአምስተኛው ጉልበቱ የጀመረው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፕላስተሩን ነው። ፕላስተሩ ተሸብሽቦ ከተገኘ ምክንያቱ ታውቋል።

የፊትና የኋላ ቦታውን በቱንቢ ማየት ይቻላል። ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ አግድም መስመር አድርጉና ከፊተኛው ጉልበት ሎሚ ሥር ክር በድንጋይ አንጠልጥሉ፤ ክሩ በፔዳሉ ዘንግ አካባቢ ካለፈ ጥሩ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ጭነት ይዞ ቀስ ብሎ ለሚጓዝ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ መቀመጥ እጁን ያሳርፍለታል። የኮርቻው አናት ግን በውሃ ልክ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ቢበዛ አፍንጫው አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ይበል። አፍንጫው ወደ ላይ ካየ ብሽሽትን ይጫናል። በጣም ካጎነበሰ ደግሞ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱን እጅ ይሸከመዋል። እጁ የደነዘዘበት ብዙ ሰው ጓንት ለመግዛት ሲሮጥ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

ስፋቱን ለማወቅ ቦይ ቦይ ያለውን የካርቶን ቁራጭ ጠንካራ ወንበር ላይ አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ተቀመጡበት። ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ኮርቻ ምረጡ።

ለስላሳ ኮርቻ አያታልላችሁ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ስምጥ የሚለው ለግማሽ ሰዓት ይመቻል። ከዚያ የመቀመጫ አጥንቶች ሰምጠው ስፖንጁ በመሃል ብቅ ይልና፣ ክብደቱ አጥንት ላይ ማረፉ ቀርቶ ነርቭና የደም ሥር በሚያልፍበት ለስላሳ ሥጋ ላይ ይወድቃል። ብሽሽት የሚደነዝዘው በዚህ ነው። ኮርቻው ምንም ቢሆን በየ10 እና 15 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንዱ። ድንዛዜው ከብስክሌት ከወረዳችሁ በኋላም አልሄድ ካለ፣ የኮርቻውን ዘንበል ወይም ኮርቻውን ራሱን ሳትቀይሩ አትቀጥሉ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ቆዳ

ቁስሉን የሚፈጥሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፍትጊያ፣ እርጥበትና ባክቴሪያ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁስሉ እምብዛም አይመጣም።

ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ያለ ሙታንታ ነው የሚለበሰው። ሙታንታ የተሰፋው ልክ አጥንቱ በሚያርፍበት መስመር ላይ ነው፤ ጥጡ ደግሞ ላብ ጠጥቶ እርጥብ እንዳለ ይውላል። ብዙ ጀማሪ በኀፍረት ደርቦ ይለብስና በሁለተኛው ቀን የስፌቱ መስመር ቆዳው ላይ ታትሞ ያገኘዋል። ከላይ ሰፋ ያለ ተራ ቁምጣ መደረብ ይቻላል፤ ከሥር ግን ምንም።

ሁለት ቁምጣ የግድ ነው፤ ሦስት ከሆነ ይመረጣል። የዋለው በየምሽቱ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙናውም ተለቅልቆ ይውጣ፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ቆዳ ያሳክካል። ጠምዝዛችሁ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሉና ጥቅሉን በእግር ርገጡት። ስፖንጁ ውስጥ የተደበቀው ውሃ ወደ ፎጣው ይወጣና ሌሊቱን ይደርቃል። ካልደረቀ በማግስቱ ሻንጣው ላይ አስራችሁ ውስጡን ወደ ፀሐይ ገልብጡት። እርጥብ ቁምጣ ለብሶ ከመነሳት የትናንቱን ደረቅ መልበስ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው፤ ሦስተኛው ቁምጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጠዋት ቅባት ስትቀቡ በሚፋተገው ቦታ ላይ ብቻ ስስ አድርጉ፦ አጥንቱ የሚያርፍበት፣ ብሽሽትና የታፋ ውስጠኛ። ለብስክሌት የተሠራ ቅባት ከጠፋ ቫዝሊን ያገለግላል፤ ከጨርቅ ለመታጠብ ማስቸገሩ ነው ጉዳቱ። ማታ ግን ቅባት አይደለም የሚያስፈልገው። በደረሳችሁ ቅጽበት ቁምጣውን አውልቁ፤ ድንኳን ከመትከል፣ ሻይ ከማፍላትም በፊት። በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ውሃ ካነሰ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁና ሰፊ ልብስ ለብሳችሁ እደሩ። የብሽሽት ፀጉር ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ከጉዞ በፊት መላጨት በፀጉሩ ሥር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ፓዱን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ ሙቀቱና ግፊቱ ያፈስሰዋል፣ ጠርዙም ይፍቃል። ሽንትን መያዝና ውሃ መቀነስ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ፣ መጸዳጃ ሩቅ ነው ብሎ ሳይጠጡ መዋል አይበጅም።

ቆዳው ቀልቶ ከለበለበ በማግስቱ ርቀቱን ቀንሱ፣ ደጋግማችሁ ቆማችሁ ንዱ፣ ኮርቻውን ወይም ቁምጣውን መርምሩ። ትንሽ ጠጠር መሳይ እብጠት ከወጣ አትጭመቁት፤ መጭመቅ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያዙበት፣ አንድ ሁለት ቀንም ከኮርቻ ውጡ። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ኮርቻው ዞሯል፣ ወይም ከፍ ብሎ ወደዚያ ጎን ያወርዳችኋል። እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቀይ መስመር ከተዘረጋበት ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

እጅ፣ ማጅራት፣ እግር

የትኛው ጣት እንደደነዘዘ እዩ። ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ፣ የተጫነው በመዳፍ ውጫዊ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ነው፤ መሪው ላይ ክብደት በዝቷል ማለት ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከሆኑ የእጅ አንጓው ታጥፎ ነው የሚውለው። ለመጀመሪያው መሪውን ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም ከፍ አድርጉት፣ ወደ ራሳችሁም አቅርቡት። ለሁለተኛው አንጓው ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል የፍሬኑን እጀታ ዘንበል አስተካክሉ።

ቀላል ፈተና አለ፦ ሜዳ ላይ ፔዳል እየመታችሁ መዳፋችሁን ከመሪው ለቅጽበት ከፍ አድርጉት። ወደ ፊት የምትደፉ ከሆነ ችግሩ የእጅ ሳይሆን የኮርቻ ነው።

የእጃችሁን ቦታ በየጥቂት ደቂቃው ቀያይሩ። ቀጥ ያለ መሪ ያለው ብስክሌት ጫፉ ላይ ቀንድ ቢገጠምለት ሁለተኛ መያዣ ያገኛል። ጓንት ይጠቅማል፣ ግን በጣም የወፈረ ጄል ነርቩን ባሰ ይጫነዋል። ንዝረቱን ከምንጩ የሚቀንሰው ጎማ ነው፦ ፍሬሙ ካስቻለ ከ40 ሚሊ ሜትር የማያንስ ስፋት ይኑረው፤ ነፋሱም ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ በታች ይሁን። ድንጋይ እስኪሆን የተነፋ ጎማ ፈጣን ይመስላል እንጂ ኮረኮንች ላይ ጉልበታችሁን ወደ ላይ በማንጠር ነው የሚያባክነው። ድንዛዜው ሌሊቱን አልሄድ ካለ፣ ቁልፍ ለመቆለፍ ወይም ጠርሙስ ለመክፈት ካቃታችሁ ቁሙ። የተጎዳ ነርቭ ለማገገም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል።

የማጅራት ሕመም ብዙ ጊዜ የመሪው ርቀት ነው፤ አንዳንዴ ግን ሄልሜቱ ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ ወይም ጥላው ዓይንን ጋርዶ አንገትን ወደ ላይ ስለሚያስቀና ነው። ክርናችሁ ታጠፍ ብሎ ይላላ። ዕቃ በጀርባ አትሸከሙ፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የእግር መዳፍ ማቃጠል የሚመጣው እግር በሙቀት አብጦ ጫማው ስለሚጠበው ነው። ከሰዓት በኋላ ማሰሪያውን አላሉ። ሶሉ የማይታጠፍ፣ ጣት የሚዘረጋበት ጫማ ምረጡ። ጫማችሁ ከፔዳል ጋር የሚቆለፍ ከሆነ ሶሉ ላይ ያለውን መቆለፊያ ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ተረከዝ አቅርቡት፤ ለመዳፍም ለተረከዝ ጅማትም ያሳርፋል።

ቀላል ማርሽ

ጉልበትን የሚጨርሰው የዙሩ ብዛት ሳይሆን በእያንዳንዱ ዙር የሚደረገው ግፊት ነው። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ልመዱ። ለመቁጠር አንዱ ጉልበት በ15 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሚመጣ እዩ፤ ከ20 እስከ 22 ከሆነ ልክ ነው።

ጭነት የያዘ ብስክሌት ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ከፊት ያለው ጥርስ ከኋላው የሚያንስበት ማርሽ ነው። ከፊት 26፣ ከኋላ 36 ጥርስ ያለውን እንውሰድ። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ አንድ የፔዳል ዙር 1.5 ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞራችሁ በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ትወጣላችሁ። ያው ዳገት፣ በያው ፍጥነት፣ ከፊት 34 ከኋላ 28 ባለው ማርሽ ቢወጣ ግን ፔዳሉ በደቂቃ 36 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዙር 1.7 እጥፍ ያህል ግፊት ይጠይቃል። በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ያንን ልዩነት የሚከፍለው ጉልበት ነው። ከሱቅ የሚወጣ ብዙ ብስክሌት ማርሹ ያለ ጭነት በፍጥነት ለመንዳት የተመረጠ ስለሆነ፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ በፊት እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል። ማርሹንም ዳገቱ ከመጀመሩ ትንሽ ቀድማችሁ ቀይሩ፤ ካቴናው በሙሉ ኃይል ተወጥሮ ሳለ ሲቀየር ጉልበትም ካቴናም ይጎዳል። አየሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ጉልበታችሁን ሸፍኑ።

ጉልበት የጀመረው ሰው ሕመሙን አልፎ አይነዳም። ቀኑን ያሳጥር፣ ማርሹን ያቅልል፣ ለ15 ደቂቃ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት። ማስታገሻ ክኒን ውጦ መቀጠል ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ነው፤ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ደግሞ ውሃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በልምምድ ጊዜ ያለ ችግር ከነዳችሁት ግማሹን ያህል ብቻ ንዱ። ጡንቻ በፍጥነት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፤ በአራተኛው ቀን «ብርታት ተሰማኝ» ብሎ ርቀቱን እጥፍ የሚያደርግ ሰው ጡንቻው ፈቅዶለት ጅማቱ ይቀጣዋል። በየአምስት ወይም ስድስት ቀኑ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፉ። ጠዋት ከመኝታ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ፤ ከወትሮው በ8 ወይም 10 ምት ከፍ ብሎ ከተገኘ ሰውነቱ አላገገመም ወይም በሽታ እየጀመረው ነው። ያን ቀን አጭር ይሁን።

ውሃና ምግብ

የሚጠጣው መጠን በሙቀቱና በሰው ይለያያል፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር የተለመደ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ አንድ ሊትር ሊጠጋ ይችላል። የራሳችሁን ለማወቅ ከጉዞው በፊት ተመዝናችሁ አንድ ሰዓት ምንም ሳትጠጡ ንዱና ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ላብ ነው። በመንገድ ላይ መለኪያው ሽንት ነው፦ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥሩ፣ የጠቆረ ማስጠንቀቂያ።

ባዶ ውሃ አብዝቶ መጠጣትም ይጎዳል። በላብ የወጣው ጨው ሳይተካ ሊትር በሊትር ሲጨመርበት በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጣቶች አብጠው ቀለበት ይጠብቃል፣ ሲብስ ሰው ይቃዣል። ምልክቱ የሰውነት ውሃ ማነስ ስለሚመስል ሰው ጨምሮ ይጠጣና ያብሰዋል። ስለዚህ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ጨው ያለው ነገርም ብሉ። ተቅማጥ ሲይዝ ወይም ላብ ሲበዛ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። መጠኑን አትገምቱ፤ ጨው መብዛቱ አደገኛ ነው።

ምግብ ሲርብ አይደለም የሚጀመረው፤ ከተነሣችሁ በ45 ደቂቃ ውስጥ ነው። ጉበትና ጡንቻ ያጠራቀሙት ስኳር ጠንከር ላለ የሁለት ሰዓት ንዳት ያህል ነው የሚበቃው። ሲያልቅ ጉልበት ባንዴ ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይነጫነጫል። ከጓደኞች መሃል ያለ ምክንያት የተቆጣ ካለ መጀመሪያ አብሉት። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት በቂ ነው፦ አንድ ሙዝ ወደ 25 ግራም፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ 15 ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ይዟል። በየ20 እና 30 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ መብላት ሆድ ይችለዋል፤ በምሳ ሰዓት ጠግቦ ዳገት መጀመርን ግን አይችልም። ስትደርሱ በሰዓት ውስጥ ከካርቦሃይድሬቱ ጋር 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ያለበት ነገር ብሉ፤ ሦስት እንቁላል ማለት ነው።

ሆድን ከበሽታ መጠበቅ

ያልታመነ ውሃ ሲፍለቀለቅ አንድ ደቂቃ ይፍላ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ካለፋችሁ ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም እዚያ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ማፍላት ካልተቻለ፣ ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ አቆዩት። ከደፈረሰ መጀመሪያ በጨርቅ አጥሉት፣ ጠብታውንም እጥፍ አድርጉት። ክሎሪን (በበረኪና ውስጥ ያለው) ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ አይገድለውም፤ ማጣሪያ ያስቀረዋል፣ ነገር ግን አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ማጣሪያ ቫይረስ ያሳልፋል። ማጣሪያና ክሎሪን አንድ ላይ የሚያዙት ለዚህ ነው። በክር መሳይ ቱቦ የተሠራ ማጣሪያ አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም አይታይም፤ በብርድ ሌሊት ከጎናችሁ ይደር።

የተረሳው ግን የጠርሙሱ አፍ ነው። ፍሬሙ ላይ የሚሰካ ጠርሙስ ከፊት ጎማ የሚፈናጠረውን ጭቃና የከብት እበት ሁሉ ይቀበላል፤ የጠራውን ውሃ ሰው በዚያ አፍ ይጠጣል። ክዳን ያለው ጠርሙስ ምረጡ፣ ካልሆነም ከመጠጣታችሁ በፊት ጥረጉት። ስኳር የነካው ጠርሙስ በየምሽቱ ካልታጠበ ውስጡ ይሻግታል። እጃችሁን ከመብላታችሁ በፊት 20 ሴኮንድ በሳሙና ታጠቡ፤ ጓንት ያደረገ እጅ ንጹሕ አይደለም።

ተቅማጥ ደም ከቀላቀለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው። በደም ወይም በትኩሳት ላይ ማቆሚያ ክኒን አትውሰዱ።

ፀሐይ፣ ብርድና ከፍታ

ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። እስከዚያ ድረስ ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ ቀትሩን ጥላ ሥር አሳልፉ። ብስክሌት ላይ ነፋሱ ላብን ስለሚያደርቅ ሙቀቱ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ፍጥነት ሲወርድ ነው ባንዴ የሚመታው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ብዙ ላብ ከመጣ ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት። ሰውዬው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ከወደቀ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ እርዳታም ጥሩ። ማቀዝቀዙን ለአፍታም አታቋርጡ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት መለኪያው (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። የሚረሱት ቦታዎች ጆሮ፣ ማጅራት፣ የእጅ ጀርባና ባት ናቸው። በየ1000 ሜትር ከፍታ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቅዞ ቆዳ የሚነደው በዚህ ነው።

ብርድ የሚይዘው ቁልቁለት ላይ ነው። ዳገቱን በላብ ተነክራችሁ ከወጣችሁ፣ ጫፉ ላይ ቆማችሁ የውስጡን ልብስ ቀይሩና የነፋስ መከላከያውን ሳይበርዳችሁ ልበሱ። ጃኬት ከጠፋ ደረት ላይ የተነጠፈ ጋዜጣ ነፋሱን ያቆማል። ከቁልቁለቱ መሃል ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ሲያቅት ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል።

ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ከ3000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑም በአንድ ከፍታ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሰው ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ።

ውድቀትና ውሻ

አስፋልት የላጠውን ቆዳ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ አሸዋው ካልወጣ ይመግላል። ቁስሉን አየር ያድርቀው ብሎ መተው የቆየ ልማድ ነው። ስስ ቫዝሊን ቀብቶ በማይጣበቅ ፋሻ መሸፈን ቶሎ ያድነዋል፣ ልብስም አይጣበቅበትም። የቴታነስ ክትባታችሁ 10 ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት አሳድሱት።

ውሻ ሲያባርር ሸሽቶ ማምለጥ የሚቻለው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ቁሙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው ውሻ የሚያሳድደው የሚሽከረከረውን እግር ነው። ከነከሰ ወይም የተላጠ ቆዳ ከላሰ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሂዱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ደግሞ ሳምንታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ጥርሱ ጭረት ብቻ ቢተውም ጉዞው ይቆማል።